መሪውን ልቀቀው

አዲስ አበባ፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለውዱ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። የወንድሜ ልጅ ማናለብሽስ እንደምን አለች? ከዘመዱ ሁሉ እኔ ብቻ ሾፌር ሆኜ ስታማ ኖርኩ፤ እሷ ደግሞ ሾፌር አገባችና ሐሜቱን ለሁለት ከፈለችልኝ። እግዜር ይስጣት።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ይህን ያህል ነገር በመጠየቄ አይሳቁብኝ ትላለህ። ምን ያስቃል? የሚያስቀው ሳይጠይቁ ሰምጦ በሬ ጎታች ፍለጋ መንደር ለመንደር መዞር ነው። ከኮሶበር ዳንግላ ባለው ጥርጊያ መንገድ ላይ ማንም ይነዳል። ከጥርጊያው ወርደህ ሜዳውን ስትይዝ ነው ሾፌርነትህ የሚታየው።

አራቱን ጎማ የሚያስገባውን አጭሩን ማርሽ ጭቃው ሳይመጣ አስገባው። ከሰመጥክ በኋላ ብታስገባው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በአገራችን ሜዳ ሣሩ ካማረ ፍራ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለላንድሮቨርም ነው፤ ከሥሩ ውሃ አለ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ወርደህ በእግርህ ርገጠው። እግርህን ከዋጠው መኪናዋን አይምራትም። ዳገትም ቁልቁለትም ቢሆን ፊት ለፊት ያዘው፤ በጎን የሄደ ተገልብጦ ያድራል። ስትወርድም በማርሽ እንጂ በፍሬን አትውረድ።

ውሃ ስትደርስ መጀመሪያ የማራገቢያውን ቺንጋ ፍታ፤ አለዚያ ውሃውን እየቀዘፈ ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። በአንደኛ ማርሽ ግባ፤ መሐል ላይ ማርሽ አትለውጥ፤ አትቁም፤ አትቸኩል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። በጭቃና በውሃ ውስጥ ደግሞ መሪውን ሙጭጭ አድርገህ አትያዘው። ላላ አድርገህ ልቀቀው፤ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። ከእሱ ጋር ትግል የገጠመ ሾፌር ተሰብሮ ነው የሚመለስ። ይህን በብዙ ወንዝ አይቼዋለሁ።

ስለ ገመድም ጠይቀኸኛል። ረጅምና ጠንካራ ገመድ ከመኪናህ አይለይ፤ ከየት እንደሚያወጣህ አታውቅም።

ቤተ ዘመዱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

አጎታችሁ አበረ

*

ኮሶበር፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ አበረ፣

ከቁርጥማትዎ እግዚአብሔር ይማርዎ። እኔና ማናለብሽ፣ አማቴም ጭምር፣ ደህና ነን። መልስ ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈንጣጣ ከታቢዎቹን ይዤ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር ሰንብቼ መምጣቴ ነው።

ምክርዎ ሁሉ ሠርቷል። ቺንጋውን ፈትቼ ገባሁ፤ ሞተሯ አላሳለችም። ሜዳውንም በእግሬ ረግጬ አየሁት፤ አንድ ጫማዬን እዚያው ትቼ ብመለስም መኪናዋ ተርፋለች።

ከሁሉ በላይ ግን የማመሰግንዎ ስለ መሪው በጻፉልኝ ነው። አማቴን አያ ሽባባውን መሥሪያ ቤቱ በመሪነት እንደ ቀጠራቸው ነግሬዎት የለ? በቡላው ፈረሳቸው ፊት ፊት እየሄዱ ደረቁን መሬት ያሳዩኛል። ወንዝ ስንደርስ ቀድመው ገብተው ጥልቀቱን ይለካሉ፤ እሳቸው ባለፉበት እኔ አልፋለሁ። ታዲያ ውሃው እንዳይወስዳቸው ወገባቸውን በመጫኛ አስሬ ጫፉን ከመኪናዋ መንጠቆ ጋር አጥብቄ እይዘው ነበር። እሳቸውም "እንደ ጊደር አሰረኝ" እያሉ ያኮርፉኛል። ማሰሩ ይሻላል ወይስ አይሻልም ብዬ የጠየቅሁዎም ለዚህ ነበር።

ደብዳቤዎን ቤት ቁጭ ብለን ሳነብላቸው "መሪውን ሙጭጭ አድርገህ አትያዘው" የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

"እስቲ ያችን ድገማት።"

ደገምኩላቸው። "ልቀቀው፤ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል።"

"አበረ ነው እንዲህ ያለ?"

"አዎ፣ አያ።"

ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩና "ሃያ ዓመት ሙሉ ስሜን በደብዳቤ ያልጠራ ሰው! ለካስ ያውቀኛል" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ጢሱ ነው አሉን እንጂ ያን ጊዜ እሳት አልነደደም። ስለ ትግሉ የጻፉትም አስቋቸዋል። "እውነቱን ነው፤ ልጅ ሆነን እሱን ስንቴ ጥዬዋለሁ!" ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ መጫኛውን ትተነዋል። በግምጃ ቤት በኩል ያለውን ወንዝ ያለ ገመድ ገቡ፤ እንዳሉትም መንገዱን ራሳቸው አገኙት። ከፈረስ ላይ እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። አሁን ቃሉ የመንደሩ ተረት ሆኗል፤ ልጁን የሚቆጣ ሰው ሲገኝ "መሪውን ልቀቀው" ይባላል።

በሚመጣው ወር ከዱራ ወንዝ ማዶ እንሻገራለን። እዚያ ፈንጣጣው ጠንቷል ይባላል። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሟል።

ልጅዎ ውዱ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለውዱ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ።

መሪ ያልኩህ ቮላንቴውን ነው! በእጅህ የምታዞረውን ክቡን ነገር! ሰው አላልኩም። ወንድሜን ፍታው አላልኩም። ሽባባው መሪ ሆኖ መቀጠሩን የነገርከኝ ደብዳቤ እስከ ዛሬ እጄ አልገባም፤ ባውቅማ ኖሮ ያችን ቃል በእሳት አልነካትም ነበር።

አንተን ያስተማረህ የጣሊያን መካኒክ ያሳደገው ስለሆነ ቮላንቴ እንጂ ሌላ ስም አታውቅለትም። እኔም አላውቅለትም ነበር። እዚህ መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የፋሽስቱን ቃል አስወግዱ፣ ባማርኛ መሪ በሉት ተባልን። ቺንጋን ረስቼ እንደ ለመድኩት ጻፍኩት፤ በዚያችው ደብዳቤ ቮላንቴን ግን እንደ አዋቂ ለወጥኩት። አማርኛዬን ላሳምር ብዬ ወንድሜን ወንዝ ውስጥ ለቀቅሁት።

እንደገና ልጻፈው፣ እንዳትስት። ቮላንቴውን ላላ አድርገህ ያዝ፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ተወርውሮ አውራ ጣትህን እንዳይሰብረው። ሰውየውን ግን እሰረው። አጥብቀህ እሰረው። ያኮርፍ፣ ይስደብህ፣ ጊደር አደረገኝ ይበል፤ እሰረው።

ዱራን አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው። አንተ የቆምክበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ አገር ዘንቦ ሙላቱ ድንገት ይመጣብሃል። መጀመሪያ ውሃው መልኩን ይለውጣል፤ ከዚያ ድምፁ ይመጣል። ድምፁን ከሰማህ ዘግይተሃል። ሰኔ ከገባ ባትሄዱ ይሻላል፤ ኃላፊህ አቶ ስማቸው ቢቆጣም ይቆጣ።

ይህን ለፖስታ አላመንኩትም። ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለአስማረ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ደረሰኝ በለኝ፤ እስክትለኝ እንቅልፍ የለኝም።

አበረ

*

ኮሶበር፣ ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ አበረ፣

ደርሶኛል፤ ይተኙ። አስማረ ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ነው ስሜን እየጮኸ የሰጠኝ። ከግምጃ ቤቱ ጉዞ ወዲህ ምንም ወንዝ አልተሻገርንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን በጊዜ ነው የደረሰው። እኔም አላዋቂነቴን ይቅር ይበሉኝ። ቮላንቴን መሪ ይሉታል ብሎ ማን ይገምታል? እዚህ መሪ ማለት ሰው ነው።

ዱራን እንተወው ስላሉት ለአቶ ስማቸው ነግሬያቸው ነበር። አልተቆጡም፤ ከማዶ የመጣውን ሰው ጠርተው አስነገሩኝ። በአንድ ቤት ሬሳ የሚያወጣ ጠፍቶ ቤቱን በላያቸው ዘጉት አለ። ከዚያ በኋላ አልሄድም ማለት አልቻልኩም። ሰኔ ፳ ቀን እንነሣለን። ዝናቡ በየቀኑ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ለአያ ሽባባው ማንበብ ነበረብኝና አነበብኩላቸው። ለማሳጠር ሞከርኩ፤ ግን "ሁሉንም አንብብ" አሉኝ።

ስጨርስ "ለካ ለብረቱ ነው" አሉ፤ በቃ። ተነሥተው ፈረሳቸውን ሊያበሉ ወጡ።

"አያ፣ የተቆጡት እኮ ስለሚወዱዎ ነው" አልኳቸው ተከትዬ።

"እኔ ምን አልኩ? እሰረኝ፤ አሳሪው አንተ ነህ።"

ቃላቸውን አልሻሩም። መጫኛውን ልለካ ስመጣ እንደ እስረኛ ሁለት እጃቸውን ሽቅብ አንሥተው ይቆማሉ፤ ወዲህ ዞር ይበሉ ስላቸው ይዞራሉ። እሺ ብቻ ነው የሚሉኝ። ድሮ ሲያኮርፉኝ ይሰድቡኝ ነበር፤ ስድባቸው ናፈቀኝ። ማናለብሽ በአገውኛ ታዋራቸዋለች፤ እኔ ባይገባኝም መልሳቸው አጭር መሆኑን አያለሁ። ገበያ ላይ አንዱ ሰካራም "መሪው ተለቀቀ ወይስ ታሠረ?" ብሎ ሳቀባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጡም።

ጋሼ፣ ውሃው ያስፈራኛል። ከውሃው ይልቅ ግን በዚህ ልብ ውሃ የሚገባ ሰው ያስፈራኛል። መሪ ፊት ፊቱን ካላየ እኔ ከኋላው ምን አያለሁ? እባክዎ፣ አንድ ቃል ለእሳቸው ይጻፉላቸው። ለእኔ ሳይሆን በስማቸው። ስለ መኪና ሳይሆን ስለ እሳቸው። ከሰኔ ፳ በፊት ይድረስልን።

ማናለብሽ ጉልበትዎን ትስማለች።

ልጅዎ ውዱ

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽባባው፣

እንደምን አለህ፣ የናቴ ልጅ? ይህን ውዱ ያነብልሃል። እኔና አንተ በአገውኛ ብናወራው ይቀለኝ ነበር፤ ግን አገውኛችንን መጻፍ ማን አስተማረኝ? ባማርኛ የጎደለውን አንተ በልብህ ሙላው።

ተቀይመሃል አሉኝ። እውነትህን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ስለ ጎማና ስለ ማርሽ ነው። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሲሸሽ ስለ ሥራው ያወራል። አንተ አባታችንን ጦረህ፣ ቀብረህ፣ መሬቱን አቅንተህ ኖርክ፤ እኔ አስፋልት ላይ ሸመገልኩ። ምን ብዬ ስምህን ልጥራ? ስጠራህ ምን ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።

ያችን ቃል ስለ ብረት ነው የጻፍኳት፤ አልዋሽህም። ነገር ግን የውዱ ደብዳቤ መጥቶ ሳስበው ያች ቃል ብረቱ አላስፈለጋትም። መንገዱን ራሱ የሚያገኝ እኔ የማውቀው አንድ ሰው አንተ ነህ። ልጅ ሆነን ጭጋጉ ወርዶ ከብቶቹ ሲጠፉን፣ እኔ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አንተ ሄደህ ይዘሃቸው አልመጣህም? ታናሼ ሳለህ ፊት ፊት የምትሄደው አንተ ነበርክ። እኔ መኪናው ላይ ብሆን ኖሮ ገመዱን በራሴ ወገብ አስሬ ጫፉን ለአንተ እሰጥህ ነበር። አንተን የሚያስር ምን ገመድ አለ?

የገበያ ሰው ቢስቅብህ ይኸውልህ፣ አሁን ስለ ሰው ጽፌልሃለሁ። ወንድሜ እንዲህ አለኝ በላቸው።

ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ። መስቀልን አብረን እንውላለን፤ በማርያም ይዤሃለሁ፣ እንዳትሞትብኝ።

ወንድምህ አበረ

ለውዱ ብቻ፦ ከላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብለህ አንብብለት። ይህችን ግን አታንብብ። ገመዱን እንደ ነገርኩህ አጥብቀህ እሰረው።

*

ኮሶበር፣ ሰኔ ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ አበረ፣

ቴሌግራምዎ ትናንት ከዳንግላ መጣልኝ። ባለመመለሴ እንደ ተጨነቁ ገባኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄ እስክሪብቶ አልያዝ ብሎኝ ነው።

ሁላችንም ደህና ነን። ከታቢዎቹ ደህና ናቸው፤ አንዱም አልጎደለም። መድኃኒቱ ማዶ ደርሷል፤ ሕዝቡ እየተከተበ ነው። መኪናዋም ደህና ናት፤ ከወዲህኛው ዳር ነው ያለችው፤ አልገባችም። ማናለብሽ ደህና ናት። ራሷን ስላመማት ጠጉሯን ተላጨች እንጂ ሌላ ነገር የለም። ቡላው ፈረስም ብቻውን ቤት ገብቷል፤ ደህና ነው።

አያ ሽባባው ትንሽ አሟቸዋል። እርስዎን ማየት ስለሚሹ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቢመጡ መልካም ነው። መስቀልን አይጠብቁ። እዚህ ከመድረስዎ በፊት ዳንግላ ላይ የሚያወራዎ ሰው ቢኖር ዝም ብለው እንዳይሰሙት ብዬ አስማረን ከአጠገቡ እንዲያስቀምጥዎ ለምኜዋለሁ። ኮሶበር ሲወርዱ ሰው ይቀበልዎታል። ሽማግሌዎቹ ስለሚኖሩ አይደንግጡ፤ እንዲያው ወጉ ነው።

ስለ ደብዳቤዎ ጠይቀውኛል። በጊዜ ደርሷል፤ ሰኔ ፲፰ ቀን። ያለ ምንም ጉድለት አነበብኩላቸው። ሦስቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ስቀው አላባሩም፤ የከብቶቹን ነገር ለማናለብሽ እየደጋገሙ አወሩላት፤ እርስዎ ዛፍ ሥር ያለቀሱትን ጭምር፣ አይቀየሙኝ። ማታውን በሉ። ንጹሕ ጋቢያቸውን አስወጡ። ገበያ ሄደው "ወንድሜ እንዲህ ብሎኛል፤ አሁን ስለ ሰው ነው የጻፈው" ብለው ለዚያ ሰካራም ሳይቀር ነገሩት። የእርስዎን ቃል ይዘው እንደ ሙሽራ ነበር የሰነበቱት። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ያን ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ይህን ማወቅዎ ይበጃል።

የግርጌውን፣ ለእኔ ብቻ ያሉትን፣ አላነበብኩላቸውም። ልፈጽመው ግን ሞክሬያለሁ፤ ማርያምን ሞክሬያለሁ። ወንዙ ዳር መጫኛውን ይዤ ስጠጋ ከታቢዎቹ፣ ከማዶ የመጡት ሰዎች፣ የመንደሩም ሰው ቆሞ ያያል። ፈረሳቸው ላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ። አልተቆጡም።

"ደብዳቤውን ያነበብከው አንተ አይደለህ?" አሉኝ።

ሌላውን ሲመጡ በቃል እነግርዎታለሁ።

በቴሌግራሙ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁኝ፤ እሱን ሳልመልስ ደብዳቤውን ብዘጋ ነውር ነው። ገመዱ እኔ ዘንድ ነው። አልረጠበም።

ልጅዎ ውዱ